በሰማያዊው መሃል ያለችው ደሴት

ጥር 4
የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ ጨረስኩ። «ትኩስ ዳቦ» ብዬ አሳምሬ ከጻፍኩ በኋላ ባለቤቱ «ሁልጊዜ» የሚል ይጨመርልኝ አለ። የት ላይ? ጥግ ላይ አጣብቄ አስገባሁለት። ከሩቅ ሲያዩት ከዳቦው የሚወጣ እንፋሎት ይመስላል። ደስ አለው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ስጽፍ ሰዓሊ ያለኝ ሰው የለም። «ጻፊዋ» ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ አስጠራኝ። ርዕሰ መምህሩ የግቢውን ትልቅ ግድግዳ አሳዩኝ። የዓለም ካርታ ሊያስሉበት ነው፤ ለወላጆች ቀን መድረስ አለበት። ካርታ ትችያለሽ ወይ ሲሉኝ፣ እንዴታ፣ እንደ መዳፌ ነው የማውቀው አልኳቸው። ምን አስቀባጠረኝ?

ጥር 5
ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። የማውቀው ካርታ አንድ ነው። ወንድም ጋሼ በዘጠኝ ዓመቱ በደብተሩ መሃል ገጽ ላይ የሳለልኝ። እኔ አራት ዓመቴ ነበር። እናታችን ሞታ አክስታችን ቤት የገባን ሰሞን።

የደብተር መሃል ስለሆነ ሁለት የሽቦ ስፌት አለው። ዓለም በሁለት ሽቦ የተያያዘች መሰለኝ። ቢላቀቅስ? ስንት ቀን ተጨንቄበታለሁ። ሮዝ የተቀባው አገር ሣሩም ላሙም ሮዝ ነው። ወንዝ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ስለሚፈስ የታችኞቹ አገሮች ሰዎች ዘላለም እግራቸው እርጥብ ነው። የምድር ወገብ ደግሞ የተወጠረ ገመድ። መርከብ ሲመጣ ማን ከፍ ያደርግለታል ብዬ ብጠይቅ፣ «ሠራተኛ አለው» አለኝ ወንድም ጋሼ። አመንኩ። ስማቸውን የማያውቃቸውን አገሮች አንድ ላይ አጭቆ «ሌሎች» ብሎ ጽፎባቸዋል። እስከ ሦስተኛ ክፍል «ሌሎች» የሚባል ትልቅ አገር ነበረኝ። በፈተና ላይም ጽፌዋለሁ...

በባሕሩ መሃል አንዲት ደሴት ነበረች። ቡናማ፣ ጠርዟ ጠቆር ያለ። ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሻይ ደፍቶበት፣ ደፋሁ ላለማለት ደሴት ናት ብሎኝ ነው። ውሸታም። ግን እሷን በጣቴ ሳልነካ አልተኛም ነበር። ለምን እንደሆነ አላስታውስም።

ጥር 9
የጂኦግራፊ መምህሩን ተዋወቅኩ። ተማሪዎቹ «ማስመሪያው» ነው የሚሏቸው፤ ያንን የእንጨት ማስመሪያ ብብታቸው ሥር ሳይወሽቁ አይንቀሳቀሱም። አትላሳቸውን አዋሱኝ። ጣቴን ምራቅ እያስነካሁ እንዳልገልጠው አስጠነቀቁኝ። ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው፦

«አንድ ስህተት ካገኘሁበት ግድግዳውን በሙሉ በኖራ ነው የማስጠፋው። ልጆች ግድግዳ ያምናሉ።»

እውነታቸውን ነው። እኔስ ደብተር አምኜ የለ?

እና በኖራ ከጠፋስ? ማን ሁለተኛ ግድግዳ ይሰጠኛል? ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤት... እስክሞት ጻፊዋ።

ጥር 17
አትላሱን ላስቲክ አልብሼ በካሬ ከፋፈልኩት። ግድግዳውንም በክር እንደዚያው። አንድ ካሬ አይቶ አንድ ካሬ መሙላት ነው። ለካ ዓለምን ሳያውቁም መሳል ይቻላል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዝዙኛል። «ያንን ትንሽ አወፍሪው» ይሉኛል። አህጉር ነው ጋሼ፣ አይወፍርም ስላቸው፣ «ቢሆንም» ይላሉ።

ጥር 25
ሰማያዊ ብቻ ስቀባ ዋልኩ። ባሕር እንዲህ ብዙ መሆኑን ማን ነገረኝ? ክንዴ ዝሏል።

ጥር 26
ጉድ ሠራሁ።

ትናንት ልወጣ ስል ከተራራዎቹ የተረፈ ቡናማ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር። ባሕሩን ቀና ብዬ አየሁት፤ የጎደለው ነገር ያለ መሰለኝ... እጄ ብቻውን ሄደ። ዛሬ ጠዋት ስገባ ደሴቲቱ እዚያው ቁጭ ብላለች። ጠርዟ ሳይቀር።

ላጠፋት ሰማያዊ ስበጠብጥ ርዕሰ መምህሩ የወላጅ ኮሚቴውን እየመሩ መጡ። ዱላቸውን ወደ ደሴቲቱ ቀስረው፣ ዓሣ በብዛት የሚገኝባት፣ አየሯም ተስማሚ የሆነች ናት ብለው አስረዱ። ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። ዘበኛውም ከኋላ ሆነው የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚሠራው፣ ደመወዙ ጥሩ ነው አሉ።

አሁን እንዴት ብዬ ላጥፋት? ርዕሰ መምህሩን በሰው ፊት ውሸታም ላድርጋቸው?

ጥር 28
ማስመሪያው ደሴቲቱ ፊት ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ለኩ። እንደገና ለኩ። አትላሱን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጥር 29
ማስመሪያው ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። ሦስት አትላስ ሲያገላብጡ ነው ያነጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የየትኛውን ዓመት እትም ነው የተጠቀምሽው አሉኝ። የሰጡኝን አልኳቸው። «የሰጠሁሽን...» አሉና ሄዱ።

ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩ ሰው ራሳቸውን ተጠራጠሩ። አሳዘኑኝ። እኔም አፈርኩ።

የካቲት 1
ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። የከባድ መኪና ሹፌር ከሆነ ወዲህ በስልክ ማግኘቱ ዕድል ነው። መኪናውን ጥግ ይዞ አነጋገረኝ። እየሳቅኩ ነገርኩት፤ የደፋኸውን ሻይ ግድግዳ ላይ አወጣሁልህ አልኩት።

አልሳቀም። ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማኝ።

«አልደፋሁም» አለ። «ጣቴን ሻይ ውስጥ ነክሬ ነው የሠራኋት።»

አክስታችን እናትሽ ሩቅ አገር ሄዳለች ብላኝ ነበር ለካ። እኔ ደብተሩን ይዤ ሄጄ የቱ ጋ ነው፣ አሳየኝ እያልኩ ወጥሬ ይዤዋለሁ። እሱ መሞቷን ያውቃል።

«ያለ አገር ባሳይሽ፣ ስታድጊ ሄደሽ ትፈልጊያት ነበር» አለኝ። «የሌለ ሠራሁልሽ፣ ጩጬ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ውሸታም ስለው ኖሬ... ዘጠኝ ዓመቱ ነበር እኮ። ለእሱስ ማን ሠራለት?

የካቲት 3
ለማስመሪያው ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስለ ሻዩም፣ ስለ እናቴም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እግዜር ይስጥሽ» አሉ፣ «ያበድኩ መስሎኝ ነበር።»

ኖራውን ጠበቅኩ። የእንጨት ማስመሪያቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠራርገው ጠራርገው፣ ደሴቲቱ ከወላጆች ቀን በፊት ትጥፋ፣ ሌላው ልክ ነው አሉ። ርዕሰ መምህሩንስ ምን እንበላቸው ብል፦

«ሰጥማለች እላቸዋለሁ።»

ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልሳቁም። በር ላይ ደርሰው ግን ተመለሱ። ሰሜንን የማያሳይ ካርታ ካርታ አይባልም፣ የአቅጣጫ ምልክት ይቀረዋል አሉኝ። የሚደረገውም ባሕር ላይ ነው፤ የት ላይ እንደሚሆን አንቺ ምረጪ አሉ።

የካቲት 5
ወንድም ጋሼ መጣ። ሳይነግረኝ። መኪናውን በሩ ላይ ገትሮ፣ ከነአቧራው ገባ። ዘበኛው ሹፌር መሆኑን ሲሰሙ እዚያች ደሴት ደርሶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት።

«መንገድ የላትም» አላቸው።

ግድግዳው ፊት ቆመ። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ለረጅም ጊዜ። እኔ ብሩሽ አጠብኩ፤ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። በመጨረሻ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና፦

«ትንሽ ወደ ግራ ነበረች» አለ።

የካቲት 6
ነገ የወላጆች ቀን ነው። ጠዋት በር ላይ ዘበኛው መዝገባቸውን ገልጠው እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ሰዓሊዋ ገባች።» ማስመሪያው ናቸው እንዲህ ብለህ መዝግብ ያሏቸው።

ደሴቲቱን በሰማያዊ ደፈንኳት። ሁለት ጊዜ። መሰላሉን ወንድም ጋሼ ያዘልኝ። ከዚያ የአቅጣጫ ምልክቱን ሠራሁ። ቡናማ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ። ትንሽ ወደ ግራ።

ከመሰላሉ ልወርድ ስል በጣቴ ነካሁት። ለካ አልደረቀም። ይህን ስጽፍ እንኳ ጣቴ ቡናማ ነው።