የሙት ዓመቱ ማሽላና የግብር ግምቴ

ሰኞ፣ ሐምሌ ፳

ስሙ የእኔ ነው፤ ግምቱ ግን የእኔ ሊሆን አይችልም። የቀበሌው ተላላኪ ወረቀቱን ጠዋት አምጥቶ አስፈረመኝ። የዘንድሮ የገቢ ግብር ነው። ሱቋን ከነመደርደሪያዋ ብሸጣት አይሸፍነውም። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨው፣ ክር፣ ላምባ። ሌላ ምን አለኝ? መርሳ ገበያ ዳር ያለች አንዲት በር ናት።

እሷንም የከፈተቻት ባለቤቴ አልጋነሽ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ሚዛኑ እሷ እንደሰቀለችው ተሰቅሏል። ልዘጋው ነው እንግዲህ?

ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ገማቾቹ የመጡት በሥላሴ ዋዜማ ነው። በማግስቱ የአልጋነሽ ሙት ዓመት ነበር። የቅሬያችን ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ለቀብርም ለሙት ዓመትም እንደምንረዳዳው፣ ያላቸውን ይዘው መጥተዋል። ጎረቤቴ ሰይድ ደግሞ የእህል ነጋዴ ነውና ማሽላውን በጆንያ፣ ዘይቱን በቆርቆሮ አስግዞ፣ «የተረፈውን ይመልሱልኛል» ብሎ ሱቋን እስከ ጣሪያዋ ሞልቷት ነበር።

አንደኛው ገማች «ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» አለኝ። ሰይድ በሩ ላይ ቆሟል። ለሙት ዓመት የመጣን ነገር ባመጣው ሰው ፊት የእገሌ ነው፣ የእገሊት ነው ብሎ መዘርዘር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። «አዎ፣ የቤታችን ነው፣ ተመስገን» አልኩ። እንደ ቃሌ ጻፉት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ ፳፩፣ ማርያም

ኪዳን አድርሼ መጣሁ። ልቤ ግን ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ያን ቀን «የቤታችን ነው» ያልኩት ለነውሩ ብቻ ነው? ወይስ አልጋነሽ ከሞተች ወዲህ ባዶ የነበረው ቤት ሞልቶ ሲታይልኝ ደስ ብሎኝ? እግዚአብሔር ያውቃል። ሁለቱም ይመስለኛል።

ለሰይድ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? «ያበደርከኝ ማሽላ ሱቄን ሊያዘጋኝ ነው» ልበለው?

ነገ ወልድያ እሄዳለሁ። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜያለሁ፣ በመሠረተ ትምህርትም የምስክር ወረቀት አለኝ፤ ቢሮ ፊት ስቆም ግን ፊደሉ ሁሉ ይጠፋኛል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ ፳፪

ዝናብ። በጭነት መኪና ሄድኩ፤ ሲሪንቃ ላይ ጎማ ተንፍሶ ቆመን በሰበስን።

የፈራሁት ጩኸት ነበር። ገቢ ቢሮ የተቀመጠችው ግን ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ ለተብርሃን ትባላለች፣ እዚያው ወልድያ ያደገች የትግሬ ልጅ። ከጠዋት ጀምሮ «ጓድ» እያልኩ ስለማመደው የመጣሁትን ንግግር ገና ስጀምር፣ «አባባ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ፤ ውሃው ይንጠፍልዎ» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ ሳትቸኩል አነበበችው። ኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሲያጉረመርም፣ «እርስዎም ተራዎ ሲደርስ እንዲህ ነው የማነብልዎት» አለችው። ሳቀ።

እንዳልረሳ የነገረችኝን እጽፋለሁ፦

ወረቀቱ እጄ የገባበትን ቀን ከጀርባው መጻፍ። ቀነ ገደቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አቤቱታ በቃል አይሆንም። በጽሑፍ ይግባ። ቅጂው ማኅተም ተመትቶበት እኔ ዘንድ ይቅር።

«በዛብኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። የቱ ዕቃ የእኔ እንዳልሆነ፣ ታዲያ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚመሰክር።

አቤት ብያለሁ ብዬ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥ። ያመንኩበትን በወቅቱ መክፈል።

እኔ ግብር ሲባል መክፈል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መናገርም አለበት። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ገማች ሊሳሳት እንደሚችል አስቦበታል። ደስ አለኝ።

በመጨረሻ «እህሉ የማን ነበር?» ስትለኝ ወረቀቴን አጣጥፌ ልነሣ አልኩ። ተመለከተችኝ። «አባባ፣ ባለቤቱ በራሱ ስም አስታውቆት ከሆነ በአንድ ጆንያ ሁለት ሰው ግብር አይከፍልም። ማሽላው ግን ተነሥቶ አይነግረኝም፤ እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ።»

«ልምከርበት» ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ ፳፫፣ ጊዮርጊስ

ሰይድን አልጠራውም ብዬ ቆረጥኩ። በዚህ ጊዜ የእህል ነጋዴ በገዛ እግሩ ቢሮ ገብቶ «ይህን ያህል ጆንያ ነበረኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ደባቂ ለመባል አንድ ክፉ አፍ ይበቃል። የእኔ ሱቅ ትዘጋ እንጂ የእሱ ቤት አይናጋ።

ሚዛኑን አወረድኩት። በጨርቅ ስጠቀልለው ሰይድ ክብሪት ሊገዛ ገባ።

«ምነው፣ ሊያገቡ ነው እንዴ ቤት የሚያጸዱት?»

ልሸሽገው ብል አልሆነም። ሁሉንም አወጣሁት። ተቆጣ። ያን ያህል ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«አያ መኮንን፣ መቃብር አብረን ቆፍረን ግብር ላይ ሊለዩኝ ነው?»

«ፈርቼልህ ነው።»

«ለእኔ አላህ አለልኝ። ማሽላዬን አስታውቄዋለሁ፤ የሚያፍር ጆንያ የለኝም። አሁን ሚዛኑን ይስቀሉ። ባዶ ግድግዳ እያየሁ ክብሪት አልገዛም።»

ሰቀልኩት። ክብሪቱንም ሸጥኩለት። ዋጋውን ልተውልህ ብለው «ይሄንንም በእኔ ስም ያስገምቱብኝ?» ብሎ ከፍሎ ሄደ።

ዓርብ፣ ሐምሌ ፳፬፣ ተክለ ሃይማኖት

አብረን ሄድን። ሰይድ ጁምዓውን ወልድያ ሰገደ፤ እኔ መስጊዱ ደጅ ጃንጥላውን ይዤ ጠበቅሁት። ጫማውንም ስጠብቅ ነበር ለካ፤ ሲወጣ «ዘበኛዬ» አለኝ።

ቢሮ ሲገባ አንገቱን አልሰበረም። «የዚህ ሰውዬ ሚስት እንደ እህቴ ነበረች፤ ማሽላው የእኔ ነው፤ በስሜ አለ፣ ፈልጉት» አለ። ለተብርሃን ማኅደሩን አወጣች። ገልጣ ገልጣ፣ «አለ» አለች። እንዳለው አለ፣ ጆንያው ሁሉ። ወደ አለቃዋ ይዛው ገባች፤ ድምፅዋ ከውስጥ ይሰማ ነበር፣ እንደ ራሷ ጉዳይ ስትከራከር።

ወጥታ፣ «ገማቾቹ ነገ ለሌላ ጉዳይ መርሳ ናቸው፤ በዚያው እንደገና ያዩልዎታል። እንደ ወትሮው ይቆዩዋቸው፤ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ» አለችኝ።

አቤቱታዬን ማኅተም አስመትቼ ቅጂውን ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። የሁለቱንም ስም በጸሎቴ አነሣሁ። አንዷ አታውቀኝም፣ አንዱ የሃይማኖቴ ሰው አይደለም። አልጋነሽ ብታይ ምን ትል ነበር? «አየህ፣ አንተ ብቻህን የቀረህ ይመስልሃል» ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ ፳፭

ጠዋት መደርደሪያውን ላስተካክል እጄን ሰደድኩና መለስኩት። እንደ ወትሮው ብላለች።

መጡ። ያው የዚያን ቀኑ ሰውዬ ነው። ወገቡን ይዞ ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። አሁን የሚታይ ጣሪያ አለ። በርጩማ ሰጠሁትና ተቀመጠ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» አለኝ።

«ሳሙናው የእኔ ነው። ጨውና ክሩ የእኔ ነው። ላምባው ከቆርቆሮው ወገብ በታች ነው፣ እሱም የእኔ ነው። ሚዛኑ የሚስቴ ነው። የተቀመጡባት በርጩማ ግን የሰይድ ናት፤ ለሙት ዓመቱ አምጥቷት እስካሁን አልመለስኩለትም።»

ሰውዬው ከበርጩማዋ ብድግ አለ። ከዚያ ሁላቸውም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ጻፈ። ያሳየኝ ነገር የለም፤ ውሳኔው በወረቀት ይመጣል አለ። ሲወጣ ግን ክብሪት ገዛኝ፤ ሚዛኑንም ነካ አድርጎ «ደህና ሚዛን ነው፤ እንዳያወርዱት» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ። በርጩማዋን ለሰይድ ልወስድለት ወጥቼ ከደጁ ተመለስኩ። እንግዳ ሲመጣ የማስቀምጥበት የለኝም። እሱም አልጠየቀኝም።