ያልመጣ ውሃ የፈራሁበት ክረምት

ይድረስ ለአትጠገብ፣ ለልጄ እናት፤

ከተለየሽኝ ሦስት ክረምት አልፎ አራተኛው እየተገባደደ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አንዳንድ ቀን አልታዘዝም ይላል። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ልጅሽ ስመኝ «አባ፣ አንቱ ይንገሩኝና እኔ ልጻፍልዎት» ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኩ። ለሚስቴ የምለውን በልጄ እጅ አልልክም። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ አንቺ ከፊት ተቀምጠሽ ስታነቢ፣ እኔ በሬ ጠፋብኝ እያልኩ ስሸሽ ያመለጠኝን ፊደል አሁን እየለቀምኩ ነው። በቀን ሁለት ሦስት መስመር ብገፋ ነው። ታገሺኝ፤ እኔን መታገስ ታውቂበታለሽ።

ስመኝ ጠቅልላ ከኔ ጋር ገብታለች። ጠዋት በባጃጅ ወረታ ሄዳ አስተምራ ማታ ትመለሳለች። የቤቱን ሣር አንሥተን ቆርቆሮ መታንበት፤ ዝናብ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል፣ አንቺ ባልወደድሽው። ጎመን ትተክይበት የነበረው ጓሮም ዛሬ ሩዝ ነው።

ከእራት በፊት ስመኝ ከስልኳ ታነብልኛለች። በውጭ አገር አንድ የጠፈር መሥሪያ ቤት አለ፤ የዚያ አለቃ ሰው ወደ ጨረቃ ሊልክ ነው። ሥራው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ለሕዝብ መልእክት ይጽፋል፦ ዛሬ ሞተሩን ፈተንን፣ ዛሬ መንኮራኩሩን አቆምን፣ በዚህ ቀን እንነሣለን እያለ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ድሮ በሬዲዮ ሰው ጨረቃን ረግጧል ሲሉ አንቺ አመንሽ፤ እኔ «ዓይኔ ገና አልፈዘዘም፣ የቆመ ሰው አላየሁባትም» ብዬ ሰው አሳቅኩብሽ። ይኸንንም ሰውዬ ፎካሪ ነው አልኩት። ሰማይ እንደ ገበያ ቀን ይቆረጥለታል ወይ?

ቀኑ ደረሰ። ስመኝ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች፤ እኔም ግድ የሌለኝ መስዬ ተጠጋሁ። መንኮራኩሩ አልተነሣም። ሰውየው ግን መልእክቱን ጻፈ። ዛሬ አንሄድም፤ ነዳጅ የሚሾልክበት ቦታ አለ፤ አንዲት ሠራተኛችን አስቀድማ ነግራን ነበር፤ ቀኑን ያጣደፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ ልክ ነበረች ይላል።

ድገሚልኝ አልኳት፤ ደገመችልኝ። እራቱን ትቼ ወጣሁና ከበረቱ ደጃፍ ቆምኩ። ላማችን ዳልቻ ትታሰርበት የነበረው ካስማ አሁንም እዚያው ነው።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ይወቀው። ዳልቻን ያጣንበት ዓመት እዚህ ሜዳው ላይ ጠብ አላለም ነበር። አንቺ ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው አይተሽ ጉና ጠቁሯል፣ እዚያ ከዘነበ ወንዛችን ርብ ይሞላል፣ ከብቱን ወደ ጉብታው አውጣ አልሽኝ። እኔ ጎረቤት ሳይነቃነቅ ቀድሜ ብወጣ፣ ያልመጣ ውሃ ፈርቶ ሸሸ እባላለሁ ብዬ እንቢ አልኩ። ሲነጋጋ ውሃው በረቱ ውስጥ ነበር። ዳልቻ ከነጽንሷ ሄደች።

ቀጥሎ የሚካኤል ማኅበር ከኛ ቤት ነበር። እንዴት ሳታወጣት ቀረህ አሉኝ። ላወጣት ስል አትጠገብ የጎታው እህል ይውጣ ብላ ይዛኝ ነው አልኩ። አንቺ ጠላ ይዘሽ ከጀርባዬ ቆመሻል፤ ሰምተሻል። ዋንጫዬን ሞላሽው፤ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍሽ። ስለዚያ ነገር በቤታችን አንድ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ «ከላም ጎታ የመረጠች» እየተባልሽ ኖርሽ። በለቅሶሽ ቀን እንኳ ሙሾ ያወረደችልሽ ጎረቤታችን ደብሬ፣ ለጎታዋ ስትል ላሟን ለውሃ የሰጠች ብላ አነሣችሽ። ባለሙያነትሽን ማመስገኗ ነው፤ ሰውም አለቀሰ። እኔ ደረቴን እየመታሁ ነበር፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

በሐምሌ ሚካኤል የማኅበሩ ተራ እንደገና ለኛ ደረሰ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን፣ ሊመርቅ ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። ያቺ ላም የሞተችው በኔ ግትርነት ነው፤ አትጠገብ አውጣ ብላኝ ነበር፤ ዋሸሁባት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ ልክ ነበረች አልኩ። የመጨረሻውን ቃል ከጨረቃው አለቃ ነው የተዋስኩት፤ ከራሴ ቢሆን አይወጣልኝም ነበር።

 ሙሴው ይህን ያህል ዘመን የት ነበርክ ቢለኝ፣ ማታ ማታ የጨረቃውን ወሬ እንደምሰማ የሚያውቅ አንዱ ከጥግ «ጨረቃ ደርሶ እየተመለሰ ነዋ!» አለ፤ ሳቁ። ያልሳቀች ደብሬ ናት። ከጓዳው በር ላይ ቆማ «አንተ ግትር ሽማግሌ፣ እንግዲህ ሙሾዬን ምን ላድርገው? በለቅሶ የወጣ ቃል ይመለሳል?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ለሰባት ዓመቷ ሌላ አወጣላታለሁ፣ እስከዚያ እንዳትሞት፣ ቆመህ ትሰማታለህ አለችኝ። አልሞትም አልኳት።

ነሐሴ ላይ ስመኝ የክረምት ትምህርት አስተምራ ከወረታ ስትመለስ ከባጃጁ ሳትወርድ «አባ፣ ጉና ጠቁሯል» አለችኝ። ድምፅዋ አንቺን መሰለኝ። ከብቱን ፈትቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ነዳሁ። ከጎረቤት አንድ ሰው አልተነቃነቀም። እዚያው ጉብታው ላይ ሳለን ስመኝ የሰውየውን መልእክት አነበበችልኝ። የሚሾልከው ተጠግኖ፣ ሰዎቹ ተነሥተው፣ ጨረቃን ዞረው በደህና ተመልሰዋል። መጀመሪያ ያመሰገነው ያችኑ ሠራተኛ ነው። እኔም ቀና ብዬ ጨረቃን አየኋት፤ አሁንም የቆመ ሰው የለባትም። ስለዚያ ድሮ በሬዲዮ ስለሰማነው ገና እያሰብኩበት ነው፤ አታጣድፊኝ።

ውሃው አልመጣም። ርብ በልኩ አለፈ። ከብቱን መልሼ ስነዳ መንገድ ላይ «ያልመጣ ውሃ ፈርቶ የሸሸ!» አሉኝ። አዎ ፈራሁ አልኩና አለፍኩ። ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት ቃል ይኸ ነበር፤ ሲደርስብኝ ግን ከጅራፌ አልከበደኝም።

አትጠገብ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ከእንግዲህ አንቺን የማነሣሽ እኔ እንዳወራሁሽ አይደለም፣ እንደነበርሽው ነው። እስትንፋሴ እስካለች ጉና በጠቆረ ቁጥር ከብቱን እፈታለሁ፤ ማን አዘዘህ ሲሉኝም ስምሽን እጠራለሁ። ውሃው ባይመጣም።

ባልሽ