ትልቁን ቪዲዮ ያጠፋብኝ ሰው

እናትዬ፣

ከተለየሽኝ አራተኛው ክረምት ገባ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ቤቱ እንዳለ ነው፤ ጣሪያው ብቻ በአዲስ ቆርቆሮ ተቀይሯል። እኔም ተቀይሬያለሁ፤ ቂመኛ ሆኛለሁ። ብትሰሚ ትቆጪኝ ነበር።

አምበር ከተማ፣ በወንድሜ ሰርግ ላይ የጨፈርሽበትን ቪዲዮ ታስታውሻለሽ? የወንድሜ ሲዲ ተጫጭሮ አልከፍት ካለ በኋላ፣ አንቺ ያለሽበት ቪዲዮ እኔ ፍላሽ ላይ የነበረው ብቻ ነበር። አርባሽ እንደወጣ፣ ስልኬ ላይ እንዲጭንልኝ ሱቅ ከፍቶ ቪዲዮ ለሚቀርጸውና ለሚጭነው ለአያሌው ሰጠሁት። የትኛው ፎርማት፣ የትኛው የፋይል ዓይነት እንደሚሻል ስጠይቀው ሁሉም ያው ነው ብሎ አጣደፈኝ። ስልኬ ጥራት ያለውን ትልቁን ፎርማት፣ ኤምፒፎርን አጥርቶ ያሳይ ነበር። እሱ ግን ቶሎ እንዲያልቅለት ጥራቱ ዝቅ ያለውን ትንሹን፣ ስሪጂፒውን መረጠ። ይባስ ብሎ ትልቁን፣ ዋናውን ቪዲዮ ከፍላሹ አጠፋው። ቤት ገብቼ ስከፍተው ዘፈኑ አለ፣ እልልታሽ አለ፤ ፊትሽ ግን የተበታተነ ካሬ ሆኗል።

ትንሹን መልሶ ወደ ትልቅ መቀየር ይቻላል ሲሉኝ አስቀየርሁት። ፋይሉ ከበደ እንጂ ፊትሽ አልተመለሰም። ያን ቀን ማልሁ። ሙያውን ተምሬ ከሱቁ ፊት ለፊት ሱቅ ከፈትሁ። ለመጣ ሰው ሁሉ የፎርማቶቹን ልዩነት አስረዳለሁ፤ ዋናውንም ሳልነካ እመልሳለሁ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደኔ ሲሻገሩ በመስኮት አያቸዋለሁ። አልዋሽሽም፣ በጣም ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ ተሻገረ። ኮምፒውተሩን ቫይረስ አበላሽቶበታል። አባቱ በቅርቡ አርፈዋል፤ ደብረ ኤልያስ አውድማቸው ላይ የተቀረጹትን ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ መጥቶ ስልኩ ላይ እንድጭንለት ፈለገ። እናትዬ፣ ያኔ ያንቺን ቪዲዮ የሰጠሁት እኔ መሆኔን አላስታወሰም! ዋናውን ኮምፒውተሬ ላይ ደበቅሁና የመጨረሻውን ትንሽ ስሪጂፒ ጫንሁለት፤ ፍላሹን ባዶ አድርጌ መለስሁለት። ትናንት መጥቶ የአባቱ ፊት የት እንደሄደ ሲጠይቀኝ፣ ሁሉም ያው ነው አልሁት። ያኔ አወቀኝ።

ነገ ቀጥሬዋለሁ። አባቱን እመልስለታለሁ፤ እሳቸው ምን በደሉኝ? መጀመሪያ ግን ያንቺን ቪዲዮ ከፍቼ ፊቱ አስቀምጠዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ያየዋል። ከካሬዎቹ መካከል አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ በጣቱ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ሲያቅተው እኔ እነግረዋለሁ፤ የአገጭሽን ንቅሳት፣ ስትስቂ ቀድሞ የሚጨፈነውን ግራ ዓይንሽን፣ ሻሽሽ ሲንሸራተት በክንድሽ የምትመልሺበትን ሁኔታ። ያንቺ ዋናው በኔ ልብ ውስጥ ነው፣ እናትዬ። እሱን ማንም አያጠፋብኝም።

ልጅሽ