ለቬልዳ ድመት የተፈቀደው መድኃኒት

ሴፕቴምበር 18

ለክቡር አቶ ሌላንድ ዊክሮይ
የግዛታችን የመድኃኒት ልገሳ ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎና ሰባቱ የቦርድ አባላት እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጤናችሁ እንደ ቅጾቻችሁ የበዛ፣ ዕድሜያችሁም እንደ ስብሰባችሁ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

በመቀጠል፣ በዳነር ክሪክ ከተማ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ፣ ርዝመታቸው አራት ጣት፣ ወርዳቸው አንድ ጣት የሆነ አራት ቁራጭ የወረቀት ፕላስተሮች መገኘታቸውን በጥልቅ ኀዘንና በሙሉ የኃላፊነት ስሜት አሳውቃለሁ። ፕላስተሮቹ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ከተለጠፉበት አልተንቀሳቀሱም። ሕዝቡ እንዲረጋጋ ጥሪዬን አቀርባለሁ።

ስሜ መርል ስታትለር ይባላል። በዚህች ከተማ የእህል ጎተራ ሚዛን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ቢያንስ ከባዱን ከቀላሉ እለያለሁ ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቁራጭ ፕላስተር ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን የቦርዱ ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። ባለቤቴ አርሊን ባለፈው ሜይ ወር አረፈች። ደም የሚያቀጥን ክኒን ትወስድ ነበር፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይጠቅማትም ብለው ሲያቋርጡላት፣ ያልተከፈቱ አራት ጠርሙሶች ተረፉ፤ እያንዳንዳቸው ስልሳ ክኒን የያዙ፣ ከነማሸጊያቸው። ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው ቬልዳ ኦስተርካምፕ ደግሞ የልቧ ምት የተዛባ በመሆኑ፣ ደሟ እንዳይረጋ ያንኑ ክኒን፣ በዚያው መጠን፣ የዚያው ክሊኒክ ሐኪም አዝዞላታል። ቬልዳ የከተማችንን ተማሪዎች ሃያ ስድስት ዓመት ምሳ ስታበላ የኖረች ሴት ናት። ትምህርት ቤታችን ከጎረቤት ከተማ ጋር ተዋህዶ ሲዘጋ ሥራዋ ሄደ፤ የጤና መድኗም ሥራዋን ተከትሎ ሄደ። በዕድሜ ለገፉ የሚሰጠው የመንግሥት መድን ሊደርሳት አሥራ ሦስት ወር ይቀራታል። ልቧ እስከዚያ በትዕግሥት እንዲጠብቅ በትሕትና ጠይቀነዋል፤ መልስ አልሰጠንም።

ደግነቱ፣ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ግዛታችን ሕግ አለው። ያልተከፈተና ያልተነካ መድኃኒት ለፋርማሲ ይለገሳል፤ ፋርማሲስቷ ትመረምራለች፤ ሐኪም ላዘዘለትና መግዣ ላጣ ሰው ትሰጣለች። ሕጉ በአንድ ድምፅ የጸደቀ ዕለት አርሊንና እኔ ሶፋችን ላይ ተቀምጠን አጨብጭበናል። እንዲህ ያለ ያማረ ሕግ በሕይወቴ አላየሁም፤ አሁንም የማየው ከሩቅ ነው። ቀጥሎ የምዘረዝራቸው አቤቱታዎች የሕጉን ውበት የሚነኩ እንዳልሆኑ ቦርዱ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

ተራ ቁጥር አንድ። የልገሳው ቅጽ «መድኃኒቱ የታዘዘለት ሰው በፋርማሲስት ፊት ቀርቦ ይፈርም» ይላል። ይህንን ለማሟላት ያለብኝን መጠነኛ ችግር ለማስረዳት ወደ ቢሮአችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ወጣት እጅግ ትሑት ናት፤ ደመወዝ ጭማሪ ካለ እንዳትረሳ።

«ለጋሿ ራሳቸው መቅረብ አለባቸው፣ ጌታዬ» አለችኝ።

«ሞታለች፣ ልጄ።»

«ውይ፣ በጣም አዝናለሁ።» ከልቧ ነው ያለችው፤ ድምፅዋ ያስታውቃል። ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። «እንግዲያውስ የውክልና ሰነድ ሰጥተውዎት መምጣት ይችላሉ።»

«መቼ ትስጠኝ?»

«በሚመቻቸው ቀን» አለችኝ።

አርሊንን ላለፉት አራት ወራት በየእሑዱ መቃብሯ ድረስ እየሄድኩ የምጎበኛት ቢሆንም፣ የሚመቻትን ቀን እስካሁን አልነገረችኝም። በነገራችን ላይ፣ በሕይወት ያለ ሰው የሚወስደውን መድኃኒት አይለግስም፤ ያስፈልገዋልና። ብዙ የተረፈ መድኃኒት ያላቸው፣ ወደ ቅጹ መምጣት የማይችሉት ሰዎች ናቸው። ይህንን ቦርዱ ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፣ ለሟቾችም ክብር ሰጥቶ ከተራው ዜጋ እኩል ስላስተናገዳቸው እንደሆነ ስለተረዳሁ አመሰግናለሁ።

ተራ ቁጥር ሁለት፣ የፕላስተሩ ጉዳይ ነው። እርስዎ በዋና ከተማው ስለሚኖሩ ምናልባት ረስተውት ይሆናል እንጂ፣ እኛ ዘንድ ማንም ሴት ለቤተ ክርስቲያን እራት ምግብ ስትወስድ የሳህኗ ቂጥ ላይ ስሟን በፕላስተር ጽፋ ትለጥፋለች። ዕድሜ ሲገፋ ያው ፕላስተር ከሳህን ወደ ዕቃ ይሸጋገራል፤ ሰው ሲሞት ወራሾች እንዳይጣሉ፣ የማን እንደሚሆን ከየዕቃው ሥር ይጻፋል። አርሊን የቀሯትን ቀናት ባወቀች ጊዜ አንድ ሙሉ ጥቅል ፕላስተር አስገዛችኝና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታዘኝ ጀመር።

«የስፌት መኪናው የእህቴ ልጅ ነው። የሚወዛወዘው ወንበር የቤተ ክርስቲያን። ክኒኖቹ የቬልዳ።»

«እኔስ?» አልኳት።

«አንተን ማን ይወስድሃል! ፕላስተር አታስባክነኝ።»

አራቱም ጠርሙሶች ላይ፣ ክዳኑንና አንገቱን አያይዛ፣ «ቬልዳ» ብላ ለጠፈች። አልጋ ላይ ሆና ስለጻፈችው አንዱ ላይ ያለው «ቬልዳ» ሳይሆን የዶሮ ዱካ ነው የሚመስለው። ፋርማሲስታችን ጃኔል ሩዚችካ ገና ከከረጢቱ ሳወጣቸው አወቀች።

«የአርሊን ጽሕፈት ነው አይደል? እኔም ቤት ኬክ መጋገሪያዬ ሥር አለ» አለችና ጠርሙሱን አገላብጣ ማሸጊያውን አየች። ቀጥላም፣ «መርል፣ በእኔ ቢሆን አሁኑኑ እቀበልህ ነበር። ግን ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ለዚህች ከተማ መድኃኒት የሚሰጥ ማን ይቀራል? የከብት ሐኪሙ?» አለችኝ።

እኔም የከብት ሐኪሙን ስለማውቀው አላስጨነቅኋትም። ጃኔል በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ፖስታ፣ ከነፎቶግራፉ ለቦርዱ ጻፈችልኝ። መልሱ «በማሸጊያው ላይ ባዕድ ነገር ስለተለጠፈ የመድኃኒቱ ደህንነት አጠራጣሪ ነው፤ ከዚህም በላይ ለጋሽ ተቀባይን በስም መምረጥ አይችልም» የሚል ነበር። ባለቤቴ በአርባ አራት ዓመት ትዳራችን አንዴም በሕግ ተከሳ አታውቅም፤ በአንድ ፕላስተር ሁለት ድንጋጌ መጣስ መቻሏን ብትሰማ ኖሮ እስከ ገና በዓል ስታወራው ትከርም ነበር።

ተራ ቁጥር ሦስት። ሕጉ፣ የሚለገሰው መድኃኒት አገልግሎቱ ሊያበቃ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ያዛል፤ ተገቢ ነው። የእኔዎቹ የሚያበቁት በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። የጃኔል ማመልከቻ ቦርዱ ዘንድ የደረሰው ጁን 9 ቀን ነበር፤ የቦርዱ መልስ ደግሞ የተጻፈው ሴፕቴምበር 4። ይኸው መልስ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ፕላስተሩ ባይኖርና ሟቿ ብትፈርም እንኳ፣ ስድስት ወሩ ከአራት ቀን በፊት ስላለፈ ጉዳዩ እንደማይታይ ይገልጻል። እንግዲህ ማመልከቻው ጠረጴዛችሁ ላይ ሳለ መድኃኒቱ እዚያው አረጀባችሁ ማለት ነው። ይግባኝ ማለት እንደምችልና ቦርዱ ዲሴምበር 12 ቀን እንደሚሰበሰብም ተጽፏል። ቬልዳ ክኒኖቹን ጁን ላይ ብታገኛቸው ኖሮ ኦክቶበር ላይ ጨርሳቸው፣ ባዶውን ጠርሙስ ለአዝራር ማስቀመጫ ታደርገው ነበር።

አሁን ግን ቬልዳ በቀን ሁለት ጊዜ ውሰጂ የተባለችውን ክኒን በሁለት ቀን አንዴ ትወስዳለች። በአጥሩ ላይ ተደግፌ ስቆጣት፣

«አንተ ደግሞ አታካብድ! ልቤ እንደሆነች ድሮም ምት ትዘላለች፤ እኔም ክኒን ብዘል ተስማማን ማለት ነው» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ቀልዴን ላቁም። ኦገስት ላይ ድንች ስትልጥ ቢላው ከእጇ ወደቀ። ግራ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ለግማሽ ሰዓት ያህልም የገዛ ድመቷን ስም ማስታወስ አቃታት። ከዚያ ሁሉም ተመለሰላት። ሐኪሙ ያኛው ማስጠንቀቂያ እንደሆነና የሚቀጥለው ላይመለስላት እንደሚችል ነግሯታል። እሷ ይህንን ለእኔ ያወራችው እየሳቀች ነው። «ድመቱን "አንተ" እያልኩ ስጠራው ዋልኩ፤ እሱ እንደሆነ በስሙም ብጠራው አይመጣም» አለች። እኔ ግን ከሚስቴ ወዲህ ሌላ ሰው ቀብሬ፣ ከቀብር መልስ የሚቀርበውን የድንች ሰላጣ ለመብላት አቅሙ የለኝም።

ተራ ቁጥር አራት፣ ስለ ድመቱ ነው። ከቦርዱ መልስ ጋር ተያይዞ የመጣ ባለቀለም ወረቀት አለ፤ ለኅትመቱ ጥራት ሳላመሰግን አላልፍም። የማይለገስ መድኃኒት እንዴት እንደሚወገድ ያስተምራል። ክኒኖቹ ከጠርሙሱ ይወጣሉ፤ ከድመት መጸዳጃ አሸዋ ጋር ይደባለቃሉ፤ በከረጢት ታሽገው ይጣላሉ። ቅጽ አያስፈልግም። ፊርማ አያስፈልግም። ፕላስተርም አይከለክልም። እኔ ድመት ስለሌለኝ የአካባቢውን ሁኔታ አጠናሁ፤ በመንገዳችን ላይ የድመት አሸዋ ያለው አንድ ቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቬልዳ። ድመቷ ዲያቆን ይባላል፤ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል፤ ልቡ ፍጹም ጤነኛ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሁለት መቶ አርባ ክኒን ከእኔ ወጥ ቤት ተነስቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ቬልዳ ቤት በሕጋዊ መንገድ መግባት ይችላል፤ ማረፊያው የዲያቆን መጸዳጃ እስከሆነ ድረስ። ከዚያ ሁለት ሜትር አልፎ ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ከደረሰ ግን ወንጀል ነው። ይህን ድንበር በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ላሰመሩት ባለሙያዎች ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጥቻለሁ፤ ዲያቆንም በበኩሉ ስለታሰበለት ያመሰግናል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ሕጉ ይቀየር አላልኩም፤ ሕጉ መልካም ነው። ቅጹ ላይ «ወይም የቅርብ ቤተሰቡ» የሚሉ ሦስት ቃላት ይጨመሩ። ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻው ከደረሰበት ይሁን። ፕላስተርን በተመለከተ ደግሞ፣ ጃኔል ሩዚችካ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረችውና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ማሸጊያ ተከፍቷል አልተከፈተም የሚለውን በዓይኗ ለመለየት ስለሆነ፣ ዓይኗ ይታመን። ይህንን ለማድረግ ዲሴምበርን መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ ይበቃል። ቁጥሯን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ስልኩን የምታነሳው ራሷ ናት፤ ማንንም ሙት አምጡ አትልም።

የቦርዱን ውድ ጊዜ፣ በተለይም በሁለት ስብሰባዎች መካከል ያለውን ሦስት ወር፣ ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለከበረው ወንበርዎ፣ ለወንበርዎ ትራስና ለማኅተምዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ዘወትር በትሕትና መልስ ጠባቂዎ፣
መርል ስታትለር
ዳነር ክሪክ

ግልባጭ፦
ለዳነር ክሪክ ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ለሕዝብ እንዲነበብ
ለጃኔል ሩዚችካ፣ እንዳትደነግጥ
ለዲያቆን፣ እንዲያውቀው

ማሳሰቢያ፦ ለአርሊን ቀብር ቬልዳ የዶሮ ጥብስ ያመጣችበትን ትልቁን ሳህን ሳልመልስላት ቆይቼ ነበር፤ ትናንት ማታ በአጥሩ ላይ አቀበልኳት። በእኛ ሰፈር የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ትልቅ ነውር እንደሆነ፣ ቦርዱ ሰው ሆኖ በመሃላችን ያደገ ከሆነ አይጠፋውም። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ስለ ሳህን የሚል አንድም አንቀጽ አላገኘሁም። ያለ እንደሆነ ግን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተወያዩበት፤ እኔ ወትሮም የትም አልሄድም፤ የሚወስደኝ የለም።

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ተራ ቁጥር ሦስት ሥር፣ ወይዘሮ ቬልዳ ኦስተርካምፕ ክኒናቸውን «በሁለት ቀን አንዴ» ይወስዳሉ ተብሎ የሰፈረው፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው» ተብሎ ይነበብ።