ሳይበስል ያወጣሁት ድንች

ውድ እማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጅዎ አሁንም ከሥራ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ጥሎ ነው የሚያልፈው። እኔም እንደሚያውቁኝ ነኝ፤ ወሬ ከጀመርኩ መመለሻውን አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ስልክ ብደውልልዎ ደግሞ "ደህና ነኝ ልጄ፣ ብርዱም ተስማምቶኛል" ብለው ዝም ያሰኙኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

አባባ ካረፉ በኋላ ከተራራው መንደርዎ አውርደን እኛ ዘንድ ያመጣንዎ ጊዜ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ያን የአገርዎን የድንችና የቺዝ ምግብ ሠሩልን። ልጅዎ ትሪውን በዳቦ እየጠረገ በላ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። እውነቱን ልናገር እማማ፣ ደስ አላለኝም። እኔ የፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ ውስጥ በቀን ለሦስት መቶ ሰው የማበስል ሴት! በነጋታው ማማሰያውን ከእጅዎ ተቀበልኩና "አይድከሙ፣ እርስዎ አርፈው ቁጭ ይበሉ" አልኩዎ።

"እግሬ ነው እንጂ የደከመው፣ እጄ ምን አለው?" አሉኝ።

ሳቅሁ። ወንበርዎን መስኮቱ ጋ አደረግሁልዎ። አራት ዓመት እዚያ ተቀመጡ። ዘመድ የመጣ ሁሉ "ምራት ማለት እንዲህ ነች!" እያለ ሲመርቀኝ፣ እኔም አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ያ ቀን መጣ፤ ከሥራ ስመለስ የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ስገባ ኦቨኑ በርቷል። እርስዎ ቀሚስዎን ሰብስበው፣ ጎንበስ ብለው በመስታወቱ ያያሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች።

"ምነው እማማ! ቤቱን ሊያቃጥሉብን ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ኧረ ገና ነው ልጄ፣ አትክፈችው፣ ቺዙ ቀላ እስኪል..."

አላስጨረስኩዎም። ትሪውን ጎትቼ አወጣሁት። ቺዙ ገና ነጭ ነበር፤ ከሥሩ የደረደሩት ድንችም ጥሬ። ጎረቤታችን አንገቷን ደፋች። እርስዎ እጅዎን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ወንበርዎ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን "ተራራው ላይ ያለችውን ልጄን ልያት" ብለው ሻንጣዎን ያዙ።

ልጅዎ ሲጠይቀኝ "አገራቸው ናፍቋቸው ነው" አልኩት። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ እሑድ ያን ምግብ እኔው ልሥራለት ብዬ ተነሳሁ። ጥሬውን ድንች ከትፌ ደረደርኩ፣ ወተት አፈሰስኩ፣ ቺዙን ከላይ አለበስኩት። ላዩ አረረ፣ ሥሩ ዋኘ። ልጅዎ "ጥሩ ነው" አለኝ፣ ሲዋሽ እንደሚያደርገው ጆሮውን እያሸ። አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን "እንዴት ነው የሚሠሩት?" ብዬ እንዳልጠየቅሁዎ ያኔ ገባኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ ክበቡ ውስጥ እርጥብ ወለል አንሸራትቶኝ ግራ እጄ ተሰበረ። ልጃችን ማድ ቤቱን ተረከበችኝ። "እማዬ፣ አንቺ ብቻ አርፈሽ ቁጭ በይ!" ትላለች፣ ደግ ናትና። በአራተኛው ቀን ተደብቄ በአንድ እጄ ብርጭቆ ሳጥብ ያዘችኝ። "ምን ጎደለሽ?" አለችኝ። አለቀስኩ።

ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ ስትመጣ ይህን አጫወትኳት። እሷ መች ትምራለች! "እሰይ! አንቺ እኮ በድስት የምትቀኚ ሴት ነሽ" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ለመሆኑ ያን ቀን እማማ ለማን የሚሠሩት መሰለሽ? 'ቀኑን ሙሉ ሰው ስትመግብ ትውላለች፤ ለእሷስ ማን አብስሎላት ያውቃል?' እያሉ ነበር ድንቹን የላጡት" አለችኝ።

ለእኔ ነበር፣ እማማ። ለእኔ!

ትናንት ለልጅዎ ሁሉንም ነገርኩት። "ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፤ ለእማዬ ንገሪያት" አለኝ።

ይቅር ይበሉኝ። ስለ ጩኸቱ ብቻ አይደለም፤ ጩኸቱንስ የድንጋጤ ነው እል ነበር። ስለ አራቱ ዓመት ነው። በአክብሮት ስም እጅዎን አሰርኩት።

ቅዳሜ ልጅዎ መኪና ይዞ ይመጣል። አልሄድም ካሉም ባዶውን ይመልሱት፤ አልቀየምም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። ከመጡ ግን ማድ ቤቱ የእርስዎ ነው። አናጢ ጠርቼ መደርደሪያውን በእርስዎ ቁመት ልክ ዝቅ አስደርጌዋለሁ። "እትዬ፣ ለእርስዎ እኮ በጣም ዝቅ አለ፤ ወገብዎን ይፈጅዎታል" ቢለኝ "ግድ የለህም፣ ምታው" አልኩት። አሁን ሰሃን ባነሳሁ ቁጥር የማጎነብሰው እኔ ነኝ። እየለመድኩት ነው።

ጉልበትዎን ስሜ፣

ምራትዎ