ሳይከሰሱ ሃያ ስድስት ዓመት የተጠረጠሩት የበያጁ የአቶ ጂሬኛ ዳባ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጂሬኛ ዳባ ከአባታቸው ከአቶ ዳባ ሁንዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳህሊቱ ገመቹ በጥር ወር 1967 ዓ.ም. በሂርና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመንገድ ጥገና ሠራተኛ፣ በኋላም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። እናታቸው ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ ስድስት ልጆች አሳድገዋል። ቤቱ አልፈረሰም፤ ማንም ማንንም ጥሎ አልሄደም። እኔ ታናሽ እህታቸው ኮከቤ ይህን ከመጀመሪያው የምጽፈው፣ የተማሩ ሰዎች ሌላ ነገር ስለጻፉ ነው።

አቶ ጂሬኛ አንደኛ ደረጃን በሂርና ጨርሰው ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ጭሮ መጡ። በ1984 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ሳሉ ለመንገድ ሥራ ቦርደዴ የነበሩትን አባታቸውን ሊጠይቁ ወርደው ወባ ያዛቸውና ሦስት ሳምንት ተኙ። በዚያው ሰሞን፣ ስሙን በእሳቸው ወረቀት ላይ ከማላሰፍረው አንድ የፖሊስ ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አሥር መስመር የተሰመረበት ወረቀት ተላከ። ርእሱ “የአደገኛ ቦዘኔ ተማሪዎች ስም ዝርዝር” ይላል። ኮሚቴው ቢፈልግ ቢፈልግ ዘጠኝ ብቻ አገኘ። ባዶ መስመር መመለስ ነውር መሰላቸውና በዕለቱ ክፍል ውስጥ ያልነበረ ተማሪ ፈልገው አሥረኛውን ሞሉ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እንኳን መጡ፤ ጃንጥላቸውም ያምራል።

ከዚያ በኋላ በዓል በደረሰ ቁጥር፣ ባለሥልጣን በከተማው ሊያልፍ ነው በተባለ ቁጥር፣ አሥሩ ይታፈሳሉ፤ በዓሉ ሲያልፍ ወይም እንግዳው ሲሄድ ይለቀቃሉ። ክስ የለም፤ ዳኛ ፊት መቅረብ የለም። በ1986 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ አቶ ጂሬኛ እስር ክፍል ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የብየዳ ሙያ ተማሩ፤ በ1990 ዓ.ም. በጭሮ የራሳቸውን ብየዳ ቤት ከፈቱ። ሌባ ነው የሚሏቸው ጎረቤቶች ለሌባ መከላከያ የሚሆን የመስኮት ፍርግርግ የሚያሠሩት እሳቸው ዘንድ ነበር። የዚያ ጣቢያ የእስር ክፍል በር ሲገነጠልም የበየዱት እሳቸው ናቸው፤ ያን ቀን ውስጥ ስለነበሩ ሰው መላክ አላስፈለገም።

መጎተቱ ሲሰለቻቸው፣ በዋዜማው ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ ሳሙናቸውን ይዘው በገዛ እግራቸው ይሄዱ ጀመር። ተረኛው ፖሊስ “ጂሬኛ፣ ዘንድሮስ ቀደምክ!” እያለ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ስማቸው ከዝርዝሩ እንዲሰረዝ አመለከቱ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ “ነፃ የሚባለው ተከሶ ነፃ የወጣ ነው። አንተ መቼ ተከሰስክ?” ይህን ያሰቡት ሰዎች ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቀነኒ ጋር ሊጋቡ ሲሉ፣ ከቦኬ የመጡት የሙሽራዋ አባት ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ካላየሁ አሉ። ወይዘሮ ቀነኒ ግን “አባ፣ በየበዓሉ የት እንደሚያድር የማውቅለት ባል ሌላ ከየት አገኛለሁ?” ብለው አሳቋቸው። ጋብቻው ተፈጸመ፤ አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅም ወለዱ።

በ1997 ዓ.ም. ፋሲካ የቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ማጉያ ተሰረቀ። አቶ ጂሬኛ ከተሰረቀበት ቀን ሁለት ቀን ቀድመው እንደ ልማዳቸው ገብተው፣ በተቆለፈ በር ውስጥ ነበሩ። ቤተሰቡ ይህ ነገር በመጨረሻ እውነቱን ያወጣል ብሎ ጌታን አመሰገነ። ጣቢያው ግን ስርቆቱን “ከውስጥ ሆኖ መርቶታል” ብሎ ሁለት ሳምንት ጨመረባቸው። ከአሥሩ አንዱ የሆኑት የጫት ነጋዴው አቶ አብዱናስር “ወላሂ፣ እግሩ ሆዴ ላይ ነው ያደረው! መቼ ነው የመራው?” ብለው ቢጮሁ ለእሳቸውም ሁለት ሳምንት ተጨመረላቸው።

የከተማው ሰው ለዚህ ሁሉ ምክንያት አላጣም። አንዱ ቪዲዮ ቤት ነው አለ፤ እሳቸው በየዕለቱ እስኪመሽ ብረት ይቆርጡ ነበር። ሌላው ጫት ነው አለ፤ ቀምሰው አያውቁም። አንድ አገልጋይ መንፈስ ነው ብሎ እጁን ጫነባቸው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ተመራማሪ የመጠይቅ ወረቀት ይዞ መጣ። “ወላጆችዎ፦ ሀ) ተፋተዋል፣ ለ) ሞተዋል፣ ሐ) አይታወቁም” ይላል። አቶ ጂሬኛ ከታች በእጃቸው “ቤት ናቸው” ብለው ጻፉ፤ ተመራማሪው የተበላሸ ወረቀት ነው ብሎ ለብቻው አስቀመጠው።

ጥናቱ ሲወጣ አሥሩ “ከፈረሰ ቤተሰብ የወጡ፣ የራሳቸው ቋንቋ፣ ቅጽል ስምና ሕግ ያላቸው፣ ንኡስ ባህል የመሠረቱ አፈንጋጭ ወጣቶች” ተብለዋል። ቋንቋቸው ኦሮምኛና አማርኛ የተቀላቀለበት፣ ገበያ ላይ ሁላችንም የምንናገረው ነው። ሕጋቸው ብርድ ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍላል የሚል ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡት እስር ክፍል ውስጥ ሰዓት ለመግፋት ነው። ከመታፈሳቸው በፊት እርስ በርስ እንኳ በደንብ አይተዋወቁም፤ ቡድኑን ያቋቋመው ጣቢያው ነው፣ የመሰብሰቢያ ክፍል የሰጠውም ጣቢያው ነው። ተመራማሪው ግን በዚህ ጥናት ዲግሪ ተቀበለ። ዝርዝሩን ማን ጻፈው ብሎ አንድም ሰው አልጠየቀም፤ የጻፉት ሻይ እየጋበዙት ነበርና።

አቶ ጂሬኛ እንደ እኔ ምሬተኛ አልነበሩም። አጥር የወደቀበት ሰው ሐሙስ ቢጠራቸው ሐሙስ ይደርሱ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ ልጆቻቸው የአባታቸውን ስም ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ እንዳያደርጉ። በጣም ደግ ወንድም ነበሩ፤ እወዳቸው ነበር።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ43 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ፖሊስ ለቅሶ ቤት መጣ። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብሎ ተቀመጠ፤ ሻይ ቀረበለት፣ ጠጣ። ከዚያ ወረቀት አወጣና “እህቴ፣ ማረፋቸው እርግጥ ከሆነ ስማቸውን ልሰርዘው ነው” አለኝ። ወንድሜ ዕድሜ ልካቸውን የለመኑት ነገር በአንድ መስመር አለቀ። እንደ ሞኝ ልቤ ደስ አለው። ሰውየው ግን እስክሪብቶውን ሳይከድን “ወንዱ ልጅ ስሙ ማን ነበር?” ሲል ጠየቀኝ።

አቶ ጂሬኛ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቀነኒን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን፣ አምስት እህትና ወንድሞቻቸውን እንዲሁም ያን ብርድ ልብስ የተካፈሉ ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ማንንም ያለ ጥፋቱ የማይጠረጥር ጌታ ነፍሳቸውን በእረፍት ይቀበል፤ ለቤተሰባቸውም ብርታት ይስጥ።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ የልጆች ስም ከነዕድሜያቸው በተርታ ይጻፋል። እኔ አልጻፍኩም። ይህ ወረቀት በር ላይ ለመጣው ሁሉ ይታደላል።