ድመትሽ ነፃ ወጥታለች

በዛወርቅ፣

የሺሺንዳ አውቶብስ ሊያመልጠኝ ነው፤ በአጭሩ ልንገርሽ።

የአከራያችንን የእትዬ ዓባይነሽን ቡና የሚያደርቀው ሳጥን ጠዋት ጠዋት «ቡናው ተቃጠለ!» ብሎ የሚጮኸው ድመትሽ ላዩ ላይ ስለምትተኛ አይደለም።

ጉዱ ያለው አዲሱ ኮምፓይለር ላይ፣ ኮዴን ለቺፑ የሚተረጉመው ፕሮግራም ላይ ነው። የሳጥኑን ኮድ ከአሮጌው ቺፕ ወደ አዲሱ ሳዛውር፣ የሙቀቱን ልዩነት የሚይዘውን ቁጥር «ቻር» እንደተባለ ተውኩት። አሮጌው ኮምፓይለር ቻር ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ያውቃል። አዲሱ ግን ከዜሮ በታች የሚባል ነገር አልተፈጠረም ባይ ነው። የቦንጋ ጉም ሳጥኑን ከልኩ በሦስት ዲግሪ ሲያቀዘቅዘው፣ እሱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ዲግሪ ጋለ ብሎ ኡኡ ይላል!

ከቻር ፊት «ሳይንድ»፣ ማለትም ከዜሮ በታችም ቁጠር፣ የምትል ቃል ጨመርኩ። ዝም አለ።

ለሺሺንዳ ገበሬዎች የሰጠኋቸው ሳጥኖችም መንደሩን ሳይቀሰቅሱ ልድረስባቸው።

እንደገና ከጮኸ ሶኬቱን ንቀዪው።
በማንኪያ አትምቺው። አይቼሻለሁ።

ድመቷን ካሰርኩበት ማገዶ ቤት አውጥቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ወተትም ሰጥቻታለሁ።
ወተቱ ያንቺ ነው።

አንቺንም ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር።
ቁርስ ልበላ የማር ዕቃዬን ስከፍት ተልሶ ባዶውን ሳገኘው ግን ተውኩት።

ትሁት